ብረቱን ንኪና ነይ

ጥርስ ሠሪዋ በዕድሜዋ ፍሬም አስገብታ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው የምስክር ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የውሻዋ ነው። የራሷ ዲፕሎማ ከመሳቢያ ሥር፣ ከአሮጌ የጄሶ ማንኪያና ክንዱ ከተሰበረ መነጽር ጋር ተኝቷል። የውሻው ግን መስታወት ለብሶ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ ከሥራ ጠረጴዛዋ በላይ ተሰቅሏል። «የሥነ ሥርዓት ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት አጠናቋል» ይላል። ያየው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷም ድሮ ትስቅ ነበር።

ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ የበሽተኛውን አፍ ልኬት ወስደው በሞተር ሳይክል መልእክተኛ ይልኩላታል፤ እሷ ጄሶ ታፈስበታለች፣ ጥርሶቹን ሰም ላይ አንድ በአንድ ትደረድራለች፣ ታበስላለች፣ ትሞርዳለች፣ እስኪያበራ ትወለውላለች። የስንት ሰው ሳቅ በእጇ አልፏል! ባለቤቶቹን ግን አታውቃቸውም፤ የምታውቀው ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ካሉ «የላይኛው የእኔ ነው፤ የታችኛውን ማን እንዳበላሸው እንጃ» ትላለች በሆዷ። አምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ያላገባች፣ ቀልድ የሚሆንላት ሴት ናት። ሥራ ከጀመረች ግን ቤት ቢቃጠል አትሰማም የሚሏት ወደው አይደለም። የመሞረጃው ድምፅ ጆሮ ስለሚበሳ ወፍራም የጆሮ መከለያ ታደርጋለች፤ ጠረጴዛዋም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ መስኮቱ ከጀርባዋ ነው። በመስኮቱ ግቢው በሙሉ ይታያል፤ በረንዳው፣ ሲሚንቶው መንገድ፣ ከጫፉ ደግሞ ቀዩ የብረት በር። ዞር ብትል ሁሉንም ታየው ነበር። ዞር አትልም።

እናቷ አብረዋት ይኖሩ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ያ ሁሉ ገመድ ሲሰካና ሲነቀል ከተማው በእሳቸው ጆሮ ያልፍ በነበረበት ዘመን። ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መርሳት ጀመሩ፤ ከዚያ ቀን፤ ከዚያ ሰው። ለመርሳታቸውም ቢሆን ዘዴ ነበራቸው። «እማዬ፣ መነጽርሽን የት አኖርሽው?» ስትላቸው ቀና ብለው፣ በዚያ በሚያምር የሥራ ድምፃቸው፣ «መስመሩ ተይዟል፤ ቆየት ብለው ይደውሉ» ይላሉ። ሁለቱም ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ጥርስ ሠሪዋ ወጥ ቤት ገብታ ዓይኗን የምትጠርግበት ቀንም ነበር።

ውሻውን ያመጡት እናትየው ናቸው፤ ገና ሲያስታውሱ። ቡችላ ሆኖ ከበር ላይ አንስተው አስገቡት፤ ቁጭ ብሎ ሰውን ከእግር እስከ ራስ ሲያይ ጊዜ «ይሄስ ታዛቢ ነው» አሉና ስሙ በዚያው ጸና። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለበት፣ አንድ ጆሮው ሲቆም ሌላው ይተኛል። የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው ቀን እንኳ የታዛቢ ስም አይጠፋባቸውም። ሲተኙ ከአልጋቸው ሥር ይተኛል፤ እጃቸውን አውርደው ጭንቅላቱ ላይ ካላሳረፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ታዲያ ይኸው ውሻ፣ እናትየው ብቻቸውን ግቢ በወጡ ቁጥር መጮኽ ጀመረ። መጮኽ ብቻ አይደለም፤ እየዘለለ፣ እየተሽከረከረ፣ መንገድ እየዘጋ። ድምፁ የጆሮ መከለያውን ጥሶ ይገባል። መሞረጃውን አጥፍታ ስትወጣ የምታየው ሁልጊዜ አንድ ነው። እናቷ ከግቢው መሐል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ታዛቢ በእሳቸውና በበሩ መካከል ሆኖ ያብዳል። «ሂድ ከዚህ! ያሳደገችህን ሴት!» ትለዋለች። እሷን ሲያይ ወዲያው ዝም ይላል፤ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ሌሊቱን በእጃቸው ሥር ያደረ እንስሳ ቀን ሲሆን ለምን ጠላት ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነበር። አንዴ መጠየቅ! ግን ጥርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሰሙ እየቀዘቀዘ ነው፣ ተመልሳ ትገባለች።

በሩን ለምን በቁልፍ አትዘጋውም ነበር የሚል አይጠፋም። ዘግታው ታውቃለች። እናትየው ቁልፉን ባዩ ጊዜ «ምን አጥፍቼ ነው የታሰርኩት?» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ በሩ በመቀርቀሪያ ብቻ ይዘጋል። መቀርቀሪያው ደግሞ ጠንካራ ነው፤ አሠራሩም ጠፍቷቸዋል ብላ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ የኢንሹራንስ ገማች ነው። የተጋጨ መኪና ዞሮ ያይና «ይጠገናል» ወይም «ይጣላል» ብሎ ይፈርማል፤ ለምዶበት ሰውንም ዕቃውንም በዚሁ ዓይን ነው የሚያየው። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድቶ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። አንድ እሑድ መኪናውን ሳያቆም ገና ጩኸቱን ሰማ፤ ገብቶም በዓይኑ አየ።

«ይሄ ውሻ እማዬ ላይ ነው እንዴ የሚጮኸው?»

«ተወው ወንድም ጋሼ፣ ልማዱ ነው።»

«እንዴት ልማዱ ነው? አንድ ቀን ይነክሳታል። እሷ ደግሞ ወድቃ አጥንቷ ቢሰበር መቼም አይገጥምላትም። ስሚኝ፣ ወይ ውሻው ይውጣ፣ ወይ እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ።»

የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። እናትየው አንድ ጊዜ ለሳምንት ሄደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳውን እያዩ «መስመር የለም፣ መስመር የለም» ሲሉ ሰነበቱ፤ ሲመለሱ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። ጥርስ ሠሪዋ ያን ታውቃለች። ወንድሟ ክፉ አይደለም፤ ግን እናቷ እዚያ ከገቡ እንደማይከርሙ ልቧ ነግሯታል። ውሻውን ማስወጣትም ያው ነው፤ ከእናቷ እጅ ሥር የትኛውን ነገር ነው አንስታ የምትጥለው?

«ሁለት ወር ስጠኝ» አለችው። «አስተምረዋለሁ።»

«ውሻ?»

«ሰውማ ሞክሬ አልሆነልኝም» አለችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ሳቀ፤ ሁለት ወር ሰጣት።

የውሾቹ ትምህርት ቤት አገልግሎት ያቆመ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ውሻውን እየጎተተ፣ የሚበዛው ደግሞ በውሻው እየተጎተተ ይመጣል። አሠልጣኙ በፖሊስ ቤት ውሻ ሲያሠለጥኑ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። «ውሻ አይባልግም፤ የሚባልገው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ እዚህ የምትማሩት እናንተ ናችሁ» ብለው ይጀምራሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤቷ፣ ከሰገነታቸው መስኮት የማይጠፉት፣ የት እንደምትሄድ ጠይቀዋት ነበር። ስትነግራቸው «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ታዲያ ምኑን ሊያስተምሩት ነው?» አሏት። የሽማግሌ ጨዋታ ብላ አለፈችው።

ሃምሳ አለቃ ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ የሚያስሞሉት አንድ ገጽ ቅጽ አላቸው። ዕድሜው፣ የሚበላው፣ የሚተኛበት፣ ጥፋቱ። ሰባተኛው ጥያቄ «ሲጮኽ ፊቱ ወደ ማን ነው?» የሚል ነው። ጥርስ ሠሪዋ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ታዛቢ ገመዱን እየጎተተባት፣ ስትሞላ «ወደ እናቴ» ብላ ጻፈች። አላየችም እኮ! አንድም ቀን ጩኸቱ ሲጀምር አላየችም፤ ስትወጣ የምታየው መጨረሻውን ነው። ሃምሳ አለቃ ቅጹን አንብበው ቀና አሉ።

«እርግጠኛ ነሽ እህቴ? የሚጠላው ሰው ላይ የሚጮኽ ውሻና ሰው የሚጠራ ውሻ ለየቅል ናቸው። ቤት መጥቼ ግቢውን ብመለከት ጥሩ ነበር።»

ያን ሳምንት ሰባት ሰው ጥርስ ይጠብቃል። ቤቱ ደግሞ ጄሶ በጄሶ ነው፤ እንግዳ አይገባበትም። «ኧረ አይልፉ ሃምሳ አለቃ፣ እርግጠኛ ነኝ» አለቻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሷ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር። «የሚጮኽበትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ አሳዪው» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ከጮኸ ጀርባሽን ስጪው፤ ዝም ካለ ቁራጭ ሥጋ ስጪውና አመስግኚው። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ነገሩ እስኪሰለቸው።» የሚጮኽበት ነገር ማን ሆነና? እናቷ። የሚብሰው የት ጋ ሲደርሱ ነው? በሩ ጋ። ስለዚህ ጥርስ ሠሪዋ፣ ሥራዋን በሥርዓት የምትሠራ ሴት ናትና፣ ዕቅድ አወጣች። እናትየው ከበረንዳው ተነሥተው እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ መቀርቀሪያውን ይነካሉ፤ ይመለሳሉ። እሷ ከግቢው መሐል ታዛቢን ይዛ ትቆማለች።

«እማዬ፣ እዚያ በሩ ድረስ ሂጂና ብረቱን ንኪና ነይ።»

«ማን ፈልጎኝ ነው?»

«ማንም። ታዛቢን ልናስተምረው ነው።»

እናትየው አሰብ አደረጉ። «ተረኛ ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማዬ። ተረኛ ነሽ» አለች ጥርስ ሠሪዋ፤ እንዲያው ለጨዋታ።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሻው በጩኸት ግቢውን ቀወጠው። ጀርባዋን ሰጠችው። በሁለተኛው ሳምንት እናትየው ግማሽ መንገድ እስኪደርሱ መታገሥ ያዘ፤ ሥጋ በላ። ለእሱ ሥጋ ሲሰጥ እናትየው እጃቸውን ዘርግተው «የእኔስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንዱ ኪሷ ሥጋ፣ በሌላው ብስኩት መያዝ ጀመረች። «ጎበዝ ታዛቢ!» ትላለች፤ ወዲያው «ጎበዝ እማዬ!» ትላለች። እናትየው «ጎበዝ» ሲባሉ ፊታቸው ይፈካል። ኋላ ኋላ ብረቱን ከነኩ በኋላ ወዲያው መመለሱን ተዉት። እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረጉ ዞር ብለው ልጃቸውን ያያሉ። ቃሏን እስኪሰሙ አይነቃነቁም። ሲሰሙ ብስኩታቸውን ሊቀበሉ ይመጣሉ።

ያ ወር ተኩል ለሁለቱም እንደ መልካም ዘመን ነበር፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሲተላለፉ የኖሩ እናትና ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ አብረው ይቆማሉ፤ ይስቃሉ። የእናትየው እግር ጠነከረ፤ ምግብ ወረደላቸው። ትናንት ምን እንደበሉ የማያውቁት ሴትዮ ይህቺን ነገር አልረሱም። አንድ ቀን ጠዋት ጥርስ ሠሪዋ ገና ዳቦዋን ሳትጨርስ እናቷ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሰማያዊ ሹራባቸውን ቆልፈው በረንዳው ላይ ቆመዋል። «ተረኛ ነኝ» አሉ። ያን ዕለት ለወንድሟ ደወለችለት። «ወንድም ጋሼ ሙት፣ እማዬ እየተሻላት ነው!» አለችው።

በአምስተኛው ሳምንት እናትየው ብረቱን መንካት ብቻ ሳይሆን ሳብ አድርገው ቀጭ አሰኙት። «ኧረ እሱን ተዪው፣ ንኪው ብቻ!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ታዛቢ በዚያች ቅጽበት ከጉሮሮው አንድ ነገር ሊወጣው ፈለገ፤ ጀርባዋን ልትሰጠው ስትል ዋጠው። «ጎበዝ!» አለችው። ሥጋውንም ከወትሮው አበለጠችለት።

በስምንተኛው ቅዳሜ ተመረቀ። ከአሥራ አንድ ውሾች አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣው የፋርማሲስቱ ወፍራም ውሻ ነው፣ እሱም ተኝቶ ስላረፈደ ዝምተኛ መስሏቸው ነው እያሉ ቀለዱ። በማግሥቱ ወንድሟ መጣ። እናትየው ተነሥተው ሄዱ፣ ብረቱን ነኩ፣ ዞረው አዩ፤ ታዛቢ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትንፍሽ አላለም። ወንድሟ አጨበጨበ። «ይጠገናል!» አለ። ቀጥሎም እናቱን ትከሻቸውን አቅፎ «እማዬም አብራ ተመርቃለች እኮ!» አለ። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። እናቴን አስቀረኋት ብላ ጥርስ ሠሪዋ ያን ቀን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና እግዜርን አመሰገነች። ወረቀቱን በማግሥቱ ፍሬም አስገባችው።

ልምምዱን ከዚያ በኋላ ተወችው። ትምህርቱ አልቋላ! ሥራም ተደራርቦባት ነበር። እናትየው ጠዋት ጠዋት ሹራባቸውን ለብሰው «ተረኛ ነኝ?» ሲሉ «ዛሬ ዕረፍት ነሽ እማዬ» ትላቸዋለች፤ ብስኩቱን ትሰጣቸውና ወደ ጠረጴዛዋ ትሄዳለች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአንድ ጡረታ የወጡ ዜና አንባቢን ሙሉ ጥርስ ትሞርድ ነበር። ሐኪሙ ከሣጥኑ ጋር በላከው ማስታወሻ እንደጻፈላት፣ ሰውዬው «ሰ» ሲሉ የሚያፏጭባቸውን አሮጌ ጥርስ የሚተካ ነው፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከግቢው ምንም ድምፅ የለም። ያ ዝምታ እንዴት ጣማት! «ተመስገን፣ አሁን ሥራ ተሠራ» አለች ለራሷ። አርባ ደቂቃ ያህል ቀና ሳትል ሞረደች። ከዚያ ወገቧን ልታፍታታ ወጣች።

ታዛቢ በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጆሮው ቆሟል፣ አፉ ተገጥሟል፣ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ሲያያት ከመቀመጫው ሳይነሣ ወደ ኪሷ አየ። ልቧ በኩራት ተሞላ። «የእኔ ጎበዝ ተማሪ!» አለችና ከሽርጧ ኪስ ሥጋውን አውጥታ ሰጠችው። እስኪውጥ ጭንቅላቱን አሻሸችው። ቀና ስትል በሩ ገርበብ ብሏል።

እናቷን በክፍላቸው፣ በመታጠቢያ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ፈለገቻቸው። የሉም። በጄሶ የነጣ ሽርጧን እንዳገለደመች «እማዬ! እማዬ!» እያለች መንገድ ወጣች። ጡረተኛው ጎረቤቷ ጩኸቷን ሰምተው ከሰገነታቸው ወረዱ።

«እናትሽን? አየኋቸው እኮ» አሉ። «ሰዓት ይሆናቸዋል። በሩን ከፍተው፣ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው፣ ዞረው ወደ መስኮትሽ ያዩ ነበር። ረጅም ጊዜ ነው የቆሙት። እኔማ እያወራሻቸው መስሎኝ። ከዚህ ሆኜ እንዴት ዋሉ ብላቸው ‹ተረኛ ነኝ› አሉኝ።»

«ታዲያ ምነው አልጠሩኝም?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ውሻው አልጮኸማ! ድሮ እሳቸው ወደ በሩ ጠጋ ሲሉ ወደ መስኮትሽ እየጮኸ አልነበር የሚጠራሽ? ዛሬ ዝም ሲል አብረሻቸው ያለሽ ነው የመሰለኝ።»

ወንድሟ የሁለት ሰዓቱን መንገድ በአንድ ሰዓት ነድቶ ደረሰ። ያገኘቻቸው ግን እሷ ናት፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሮጌው የስልክ መሥሪያ ቤት ጋ። ሕንፃው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ጫማ ይሸጥበታል። እናትየው ከደረጃው ሥር ወድቀዋል፤ አንዱ ሻጭ ካርቶን አንጥፎ፣ ራሳቸውን ደግፎ ውኃ ያጠጣቸዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጃቸውን አዩአት፤ ስሟ አልመጣላቸውም፤ ሽርጧን ግን ሲያዩ የሥራ ልብስ መሆኑን አወቁ።

«ተተኪዬ ነሽ?» አሏት በዚያ በሚያምር ድምፃቸው። «ዘገየሽ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

ሆስፒታል ሠላሳ ሦስት ቀን ተኝተው አረፉ። ሳንባቸው ነው አሉ፤ የተኛ ሽማግሌ እንዲህ ይሆናል አሉ። ወንድሟ አንድ ቃል አልወቀሳትም። እንደ ልማዱ አልገመተም፣ አልፈረደም፤ ከቀብር በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ዕቃ አጠበላት። ምነው በሰደበኝ ትላለች እስካሁን። ሰው ሲሰድብሽ ቢያንስ ግማሹን ትመልሺለታለሽ፤ ዝም ሲልሽ ሁሉንም ራስሽ ትሸከሚዋለሽ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ታዛቢን ይዛ ወደ ሜዳው ሄደች። ሃምሳ አለቃ ሰምተው ኖሮ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መልሰው ያስተምሩልኝ» አለቻቸው። «እንዲጮኽ።»

«ለምን ይሆናል አሁን?»

«እንጃ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይበሉኝ፤ ግድ የለኝም። እንዲህ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።»

ሃምሳ አለቃ ከሻንጣቸው ማኅደር አወጡ። ቅጹን አገላብጠው ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የቸኮለ። «ወደ እናቴ» ይላል። ሁለቱም አዩት።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «መጥቼ ማየት ነበረብኝ።»

«እመጣለሁ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ አይልፉ ያልኩት።»

«ስሚ እህቴ። ጩኽ ስትዪው እንዲጮኽ ማድረግ የሳምንት ሥራ ነው፤ ዛሬ እንጀምር ካልሽ እንጀምራለን። ያ ሌላኛው ጩኸት ግን፣ አንቺን የሚጠራበት፣ ማንም አላስተማረውም። ከራሱ ነበር። ያላስተማርኩትን ልመልስልሽ አልችልም።»

አመስግናቸው ተመለሰች። ቤት ስትደርስ ወደ ሥራ ክፍሏ አልገባችም። የእናቷን ቁም ሣጥን ከፍታ ሰማያዊውን ሹራብ ለበሰች፤ ጫማቸውንም አጠለቀች፣ ይጠባታል። ከበረንዳው ተነሣች። ያን ሲሚንቶ መንገድ ቀስ እያለች፣ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ታዛቢ አብሯት ሄዶ በሩ ጋ ሲደርሱ በቦታው ተቀመጠ። ብረቱን ነካች። ሳብ አደረገችው፤ ቀጭ አለ፤ በሩ ተከፈተ። ከዚያ እጇን ሳታነሣ ዞር ብላ ወደ መስኮቱ አየች።

ከበሩ ላይ ሆኖ የሥራ ክፍሏ እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚታይ እስከዚያን ቀን አታውቅም ነበር። መብራቱ ይታያል፤ ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ይታያል። የወንበሯ ጀርባም ይታያል። እናቷ እዚህ ቆመው የልጃቸውን ጀርባ ነው ያዩት። «ጎበዝ» እስክትላቸው ነው የጠበቁት፤ ጠብቀው ጠብቀው ሳትላቸው ስትቀር ነው ወደ ሥራቸው የሄዱት።

«ጩኽ» አለችው ውሻውን። «ጩኽ እንጂ! ልሄድ ነው እኮ!»

ታዛቢ ጆሮውን አቁሞ፣ አፉን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እየተንቀጠቀጠ እጇን ይጠብቃል።